የፉሳኤ ጆሮ፣ የኤይዞ ክሊዮኔዎች

ፉሳኤ በዚያ ማለዳ «በረዶው መጣ!» ብላ ሰፈሩን ስታስነሳ በረዶው አልመጣም ነበር።

ሌላ አገር ቢሆን ይሄ የሚወራ ስህተት አይደለም። በሰሜን ጃፓን፣ በኦኮትስክ ባሕር ዳርቻ ባለችው በዚያች ትንሽ የወደብ መንደር ግን ሰው የበረዶውን መምጣት የሚያውቀው በጆሮው ነው። ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ድንጋዩን ሲደበድብ ከርሞ፣ በብርድ ወራት አንድ ቀን ማለዳ ጭጭ ይላል። ከሰሜን ተንሳፍፎ የመጣው በረዶ ውሃውን እስከ አድማስ ድረስ ይከድነውና ድምፁን ያፍነዋል። ዝምታውን ቀድሞ የሰማ ሰው ወጥቶ ለጎረቤት ይናገራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀድማ የምትሰማው ፉሳኤ ነበረች፤ በዚህ ደግሞ ማንም ተከራክሯት አያውቅም።

በዚያ ማለዳ ስትነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ወጣችና የጎረቤቷን የታኬጂሮን በር ደበደበች። ታኬጂሮ የጥርስ ብሩሹን እንደ ጎረሰ ብቅ አለ። ሌሎችም ተከትለውት ወጡና ሁሉም ወደ ወደቡ ዞሩ። ጥቁር ማዕበል እየተነሳ ግድቡን ይመታል፣ አረፋው እስከ መንገዱ ድረስ ይረጫል።

«እትዬ ፉሳኤ፣ በህልምሽ ነው እንዴ የመጣው?» አለ ታኬጂሮ ብሩሹን ከአፉ አውጥቶ። «እኔ እኮ ባሕሩ ሲያጓራ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት!»

ፉሳኤ ደነገጠች፤ ፊቷ ግን አልከዳትም። «እንቅልፋም ሁላ! ላስነሳችሁ ብዬ እንጂ መች አጣሁት?» አለችና እሷው ቀድማ ሳቀች። ሰዉም ሳቀ። ወንድሟ ኤይዞ ብቻ በራቸው ላይ ቆሞ አያት፤ አልሳቀም። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ምን ታጉተመትማለህ? ጮክ ብለህ አታወራም?» አለችው።

«ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው አልኩሽ» አለ ኤይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ውስጥም ገባ።

እህትና ወንድም አባታቸው በተወላቸው ቤት አብረው ነው የሚኖሩት። ፉሳኤ ባሏ ከሞተ በኋላ ተመልሳ ገባች። ኤይዞ ጭራሽ አላገባም፤ ለምን እንዳላገባ ሲጠይቁት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ክሊዮኔ ወንድም ሴትም ናት፤ ማንንም ብታገኝ ይሆናታል። እኔ በምን ዕድሌ!» ይላል።

ክሊዮኔ ዛጎሏን የጣለች የባሕር ቀንድ አውጣ ናት። ስትፈለፈል ዛጎል ነበራት፤ ጥቂት ቀን ትሸከመውና ትጥለዋለች። ከዚያ ወዲያ ራቁቷን፣ ሁለት አጫጭር ክንፎቿን እያርገበገበች፣ ዕድሜዋን በዋና ትጨርሳለች። ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ገላዋ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ሆዷ ላይ ብቻ ብርቱካናማ ነገር እንደ ፍም ይታያል። ከበረዶው ጋር ትመጣለች፣ ከበረዶው ጋር ትሄዳለች። ከትልልቅ ከተሞች የሚመጡ ሰዎች መልአክ ይሏታል፤ በጠርሙስ ገዝተው ፍሪጃቸው ውስጥ ያስቀምጧትና በሩን እየከፈቱ ያዩዋታል።

«ምሳ ስትበላ አላዩዋትማ!» ይላል ኤይዞ።

እውነቱን ነው። ምሳዋ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር ዛጎሏን ያልጣለች፣ እሷኑ የምታክል ዋናተኛ ቀንድ አውጣ፣ የገዛ ዘመዷ። ክሊዮኔ ለማየት የሚሆን ዓይን ስለሌላት ስትጋጫት ነው የምታውቃት። ወዲያው ያ መልአክ የተባለው አናቷ ይከፈልና ስድስት ክንዶች ተወርውረው ይወጣሉ። ዛጎሉን ጨምድደው አፉን ወደ ራሷ ያዞሩታል፤ በመንጠቆዎቿ ሥጋውን ሙልጭ አድርጋ ታወጣና ባዶውን ትለቀዋለች። ያቺ ዘመዷ ካልመጣች ሌላ ምግብ አትቀምስም። ትጠብቃለች። እየጠበቀች ትከሳለች፣ ታጥራለች፣ ከቀድሞዋ ታንሳለች፤ ግን ለወራት አትሞትም። ፉሳኤን ይሄኛው ነገሯ ሁልጊዜ ያስፈራታል።

የክሊዮኔ አጠማመዱ የአባታቸው ነው። ኤይዞ በረዶው ላይ በሆዱ ይተኛል። ታቹ መስታወት የሆነ የእንጨት ሳጥን በጥርሱ ነክሶ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ያሳርፋል። ብርሃን ካለ እነዚያ ብርጭቆ ገላዎች ስለማይታዩ ጭንቅላቱንና ሳጥኑን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል። በቀኝ እጁ እጀታው የረዘመ ጭልፋ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሰው ከጨርቁ ውጭ ያለውን ዓለም አያይም፣ አይሰማም። ስለዚህ ከኋላው ሌላ ሰው ይቆማል። ወገባቸው በአንድ ገመድ የተያያዘ ነው። የቆመው ሥራው መስማት ብቻ ነው።

ምን እንደሚሰማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ነፋስ ከየብስ በኩል ሲነሳ በረዶውን ከዳርቻው ገፍቶ ይወስደዋል፤ ላዩ ላይ ያለውንም ሰው ጭምር። ከዚያ በፊት ግን የሩቅ ማዕበል ከበረዶው ስር ይገባና ባሕሩ ከታች ማጉረምረም ይጀምራል። ይህን ማጉረምረም የሰማ ገመዱን ደጋግሞ ይስባል፤ ተነስ ማለት ነው። የተኛው አንዴ ብቻ መልሶ ከሳበ ቆይ ማለቱ ነው። በአባታቸው ዘመን ግን ፉሳኤ ስትስብ ቆይ ያላት ሰው የለም። ልጅ ሳለች ወንዶቹ በረዶ ላይ እንዳሉ ማንም ያልሰማውን ሰምታ እሪ ብላ ነበር። ወንዶቹ ሳቁባት፤ አባቷ ግን ሁሉንም እየጎተተ አወጣቸው። ምሳ ሳይበሉ በረዶው ሄደ። ከዚያ ወዲያ «የፉሳኤ ጆሮ» ማለት በመንደሩ የታመነ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሰርግ ላይ ከክብር እንግዶች ጋር አስቀመጧት፤ አማቷ እንኳ የምትፈራት በዚህ ነበር። ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም፤ አልፈለገችምም።

ከዚያ የውሸት ማለዳ በኋላ ፉሳኤ ብቻዋን ወደ ግድቡ ሄደች። ዳር ላይ ቆማ ማዕበሉ ሲመጣ አየችው። ሲመታ እግሯ ስር ሲሚንቶው ተንቀጠቀጠ፣ ጨዋማው ውሃ ፊቷ ላይ ተረጨ። ድምፅ ግን የለም። ከበላይዋ የባሕር ወፎች ሲንጫጩ ጥርት ብሎ ይሰማታል። የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ስልኩ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ሁሉም አለ። የሄደባት ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቆመችለት፣ የወንድሟ ነፍስ የተንጠለጠለበት ድምፅ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች።

ዛሬ እነግረዋለሁ አለች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። መሀል ላይ ታኬጂሮ መንገድ ላይ አገኛትና «ሚስቴ ዳሌዋ እየከዳት ነው፤ ለከርሞ ለእኔም አንቺ ትቆሚልኛለሽ» አላት።

«ያንተን መቀመጫ ሳይ መዋል ነው የቀረኝ!» ብላ በሳቅ አለፈችው። በሳቅ የማታልፈው ነገር አልነበራትም፤ ይሄ ነው ጥፋቷ።

በረዶው ዘገየ። በመጨረሻ በመጣ ዕለት ትከሻዋን ነቅንቆ የቀሰቀሳት ኤይዞ ነው። «እትዬ፣ መጣ» አላት። ፉሳኤ ወጥታ አየችው፤ ነጭ ሜዳ ሆኖ ተኝቷል፤ ግን እንደ ድሮው ወፍራምና ጎርባጣ አልነበረም። ስስ ነው፣ ሳህን ሳህን የሚያካክል ስብርባሪ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመ። ዝምታው ደግሞ ለእሷ ከትናንቱ ዝምታ አይለይም ነበር።

ቁርስ በልተው ወጡ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ ነፋስ የለም። ኤይዞ በሹል ዘንጉ በረዶውን እየነካካ ፊት ይሄዳል፤ እሷ የደረቀ ሳልሞን እያላመጠች ትከተለዋለች። የቀበሮ ዱካ እነሱ በሚሄዱበት አቅጣጫ ጀምሮ መሀል ላይ ተጠምዝዞ ወደ የብስ ይመለሳል። ሁለቱም አዩት፤ አልፈውትም ሄዱ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ገመዱን ወገቡ ላይ ልታስር ጎንበስ እንዳለች ወጣላት።

«ኤይዞ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ንገሪኝ። ግን እየነገርሽኝ አጥብቀሽ እሰሪ።»

«ጆሮዬ ሄዷል።»

«አውቃለሁ» አለ ኤይዞ።

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አምና ነው። ክሊዮኔዎቹ ባንድ ጊዜ ክንፋቸውን አጥፈው ወደ ታች ሰመጡ። ምን ሆኑ ብዬ ቀና ስል ባሕሩ ከስር ያጉረመርማል፤ አንቺ እጅሽን እያፍተለተልሽ ትዘፍኛለሽ። በረደኝ ብዬ ይዤሽ ወጣሁ። ረሳሽው?»

አልረሳችውም። አብራው ስትወጣ «የሽማግሌ ነገር!» ብላ ስቃበት ነበር።

«ታዲያ እስካሁን ዝም ትላለህ?»

«ምን ልበልሽ፣ እትዬ? ጆሮሽን ነጥቄሽ በምትኩ ምን ላስይዝሽ?»

«እና ማነው የሚሰማልህ?»

ኤይዞ በጭልፋው ወደ ስንጥቁ ጠቆመ። «እነሱ። ጆሮ የላቸውም፤ ግን ገላቸው ውስጥ ከአሸዋ የምታንስ ጠጠር አለች፣ ላይና ታቹን የምትነግራቸው። ማዕበሉ ገና ከሩቅ ከስር ሲያወዛውዛቸው ያውቃሉ። ክንፍ አጥፎ መስመጥ ነው። ያኔ እኔ እነሳለሁ።»

ፉሳኤ ተናደደች፣ አፈረች፣ እፎይም አለች፤ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። «በቀንድ አውጣ ተተካሁ በለኛ!»

«አትቅኚ፤ እነሱ ሾርባ አይሠሩም» አለና ሳቀ። ተኛ፣ ሳጥኑን ነከሰ፣ ጨርቁን ጭንቅላቱ ላይ ሳበ።

እሷ ቆመች። የቆመችው ግን ለምንም እንዳልሆነ አሁን ታውቃለች። ጥቂት ቆይቶ ከጨርቁ ስር እጁን ዘረጋና አፈ ሰፊ ጠርሙስ አቀበላት። ወደ ሰማዩ ከፍ አድርጋ ተመለከተችው። ክሊዮኔዎቹ የሩዝ ፍሬ እንኳ አይሞሉም። ሆዳቸው ላይ ያ ፍም የለም፤ ባዶ ነው። በረዶው ሲዘገይ ጥቁሮቹ ቀንድ አውጣዎችም አልመጡም ማለት ነው፤ እነዚህ ሲጠብቁ ኖረው ነው ያጠሩት።

ለምን እንዳደረገችው አታውቅም፤ ጠርሙሱን ቀስ ብላ ማወዛወዝ ጀመረች፣ ባሕሩ ከስር እንደሚያወዛውዝ አድርጋ። አንዷም ክንፏን አላጠፈችም። ይበልጥ አወዛወዘችው፣ በጥፍሯም መታችው። ያርገበግባሉ። የተገለበጠችው እንኳ እንደ ተገለበጠች ታርገበግባለች። ርቧቸዋል፤ ክንፋቸውን ካጠፉ ይሰምጣሉ፣ ከሰመጡ ተመልሰው የሚወጡበት አቅም የላቸውም። ማዕበሉ ቢመጣ ባይመጣ ለእነሱ አሁን አንድ ነው።

ፉሳኤ ያን ጊዜ ገባት። እዚያ በረዶ ላይ የሚሰማ ማንም የለም።

ገመዱን ሳበች፣ ደጋግማ። ኤይዞ አንዴ መልሶ ሳበ፤ ቆይ። ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበች። የጨርቁን ጫፍ ገልጦ በአንድ ዓይኑ አያት፤ ሳጥኑን ከጥርሱ አላቀቀ።

«ምን ሆንሽ?»

«ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

«ምን ሰማሽ?»

ኋላ ላይ «ሰማሁ ብዬ ቢሆን ኖሮ» ብላ ስንት ጊዜ አሰበችው! ግን ጆሮዬ ሄዷል ያለችው ገና አሁን ነው። ሰማሁ ብትልም አያምናትም። «ምንም አልሰማሁም! እነዚህ ግን ባወዛውዛቸው፣ ብመታቸው፣ አያጥፉም፣ አይሰምጡም፣ እያቸው እስኪ!»

«ካልሰመጡማ ደህና ነን ማለት ነው» አለ ኤይዞ። ሊያጽናናት ፈገግ አለ። ጨርቁንም መልሶ ሳበ።

ጠርሙሱን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ በሁለት እጇ ልትጎትተው ገመዱን ያዘች። በዚያው ቅጽበት የስንጥቁ ውሃ ከፍ ብሎ በበረዶው ላይ ፈሰሰ፣ የኤይዞን ክርን አረጠበና ተመልሶ ወረደ። ደገመው። ኤይዞ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ብድግ አለ። ከመሀላቸው ስለታም የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፤ ይሄኛውን ሰማችው። ነፋሱ ያን ጊዜ ከጀርባዋ፣ ከየብስ በኩል ተነሳ። በመካከላቸው ጥቁር ውሃ ተከፈተ።

መጀመሪያ ላይ ቢዘል ይሻገረው ነበር። ሊዘል ሲንደረደር የቆመበት ጠርዝ ተሰበረና ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ በኋላ የሚዘለል አልሆነም። ገመዱ ተወጠረ። ፉሳኤ ተረከዟን በረዶው ውስጥ ቀብራ ወደ ኋላ ተንጋለለች፤ ገመዱ ግን በጉልበቷ አንበርክኮ ወደ ውሃው ይጎትታታል።

«እትዬ፣ ፍቺው!» አለ ኤይዞ።

«አልፈታም!»

«ፍቺው አልኩሽ! ሁለታችንም ልንሄድ ነው!»

ቋጠሮውን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ጉልበቷ ውሃው ጠርዝ ሲደርስ ኤይዞ የባሕር አረም የሚቆርጥበትን ቢላ ከወገቡ አወጣ። በራሱ በኩል ቆረጠው። ፉሳኤ በጀርባዋ ወደቀች።

ስትነሳ በረዶው ርቋል። ኤይዞ ቆሞ ይጮሃል። እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ፣ ረጅም ነገር ነው የሚላት፣ አንድ ቃል አይደለም። የኤይዞ ድምፅ ወፍራም ነው። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየችው። ወፎቹ ይሰሟታል፣ የነፋሱ ፉጨት ይሰማታል፣ እሱ አይሰማትም። «ጮክ በል! ጮክ ብለህ ተናገር!» እያለች ጭጋጉ እስኪሸፍነው ድረስ ጠርዙ ላይ ሮጠች።

ሄሊኮፕተር ፈለገው። የመንደሩ ጀልባዎች ለብርዱ ወራት የብስ ላይ ተጎትተው ስለነበር ወደ ባሕር የገቡት ዘግይተው ነው። ጥቁሩን ጨርቅ አገኙት፤ እሱን አላገኙትም።

ለቅሶ ላይ ሰዉ ያጽናናት በአንድ ነገር ነበር። «ያንቺ ጆሮ ያልሰማውን ማን ሊሰማው ኖሯል? ያለ ድምፅ የመጣ ነገር ነው» ይሏታል።

«አልሰማም እኮ ነው የምላችሁ። ጆሮዬ ሞቷል» ትላለች።

«ሐዘኑ ነው» ይባባላሉ፣ እጇንም ይዳብሳሉ። ስልኩ ሲጮህ ተነስታ ታነሳለች፣ ለጠየቋት ትመልሳለች፤ ማን ይመናት? ታኬጂሮም አጠገቧ ተቀምጦ «ጆሮሽ ደህና ነው፣ እትዬ፤ ራስሽን አትውቀሺ» ይላታል። መሳደብ አማራት።

ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ሾርባ ከምትሠራበት የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ከሚሶው ጎን አስቀመጠችው። ወደ ባሕር ልትመልሳቸው አስባ ነበር፤ ሆኖም ባሕሩም ውስጥ የሚበሉት እንደሌለ ታውቃለች። አንድ በአንድ ሟሙ። በጋው ሲያልፍ አንዷ ብቻ ቀረች፤ ከሰሊጥ አትበልጥም፣ ክንፏ ግን ይርገበገባል። ፉሳኤ ሾርባ ልትሠራ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር ታያታለች። ትጠላታለች፤ ሞታ እንዳታገኛት ደግሞ ትፈራለች።

ብርዱ ተመልሶ መጣ። አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ታኬጂሮ ነው፤ ዘንጉን ይዟል፣ አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ አንግቷል።

«እትዬ፣ መጣ እኮ! ዘንድሮ እኔ ቀደምኩሽ!» አለ በሳቅ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና መልሶ ከፍ አደረገው። «ሚስቴ መቆም አቅቷታል። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። ካንቺ ጆሮ ጋር እስከ ወዲያኛው ጫፍ እሄዳለሁ።»

ፉሳኤ እጇን ዘረጋች። ታኬጂሮ ደስ ብሎት ገመዱን አቀበላት። የማገዶ ምድጃውን በር ከፈተችና ገመዱን እንዳለ እሳቱ ላይ ከተተችው።

«ምን ነካሽ! ኧረ አዲስ ነው!»

«ባሕሩ አሁን ይጮሃል?» አለችው።

ታኬጂሮ ግራ ገብቶት አንገቱን ወደ ውጭ መልሶ አዳመጠ። «የለም። ጭጭ ብሏል።»

«እኔ ዘንድ ሁልጊዜ ጭጭ እንዳለ ነው። ኤይዞ በሄደ ዕለትም ጭጭ ብሎ ነበር። ሲሄድ ቆሞ ነገረኝ፣ ታኬጂሮ። ብዙ ነገር ነው የነገረኝ። ምን እንዳለኝ አላውቅም። አፉን ነው ያየሁት።»

ታኬጂሮ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ፉሳኤ ገመዱ ነድዶ እስኪያልቅ የምድጃውን በር አልዘጋችም።